ዋልያዎቹና የመቱዋ ልጅ እጮኛ፤ እውነት እየተሻሻሉ ነው?

በዚህ ገጽ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር፣ ስለ ኩርፊያና ስለ እርቅ ስንጫወት ከርመን ዛሬ ኳስ ይዤ ብመጣ «ይቺ ልጅ ምን ነካት? ገጽ ተሳሳተች እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። አልተሳሳትኩም። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ትዳር ሲገባ ታዩታላችሁ። ለጊዜው ጥያቄው ይሄ ነው፤ አንድ ቀን ሰማይ የሚሰቅለን፣ በማግስቱ አንገታችንን የሚያስደፋን ብሔራዊ ቡድናችን እውነት እየተሻሻለ ነው? ወይስ በየዓመቱ የምንታለለው እኛ ነን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የትኛውም ቡና ቤት ገብታችሁ ብትወረውሩት ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን እንዴት አልተሻሻለም ትላላችሁ?» ይላል። ሌላው «ከዚያስ በኋላ?» ይለዋል። የመጀመሪያው ዝም ይላል። ከዚያ ሌላ ማኪያቶ ይታዘዝና ክርክሩ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

እኛ ጎሬዎች ደግሞ በዚህ ክርክር ላይ የራሳችን ችግር አለብን። ጎሬ ዝናብ የማይለቃት ከተማ ናት። ኳስ የምናየው በየዲሽ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነው፤ ዝናቡ በረታ ማለት ደግሞ ምስሉ ተንጠባጥቦ ጠፋ ማለት ነው። ጎል ሲገባ ሳይሆን ከገባ በኋላ ሰዎች ሲተቃቀፉ ነው ምስሉ የሚመለስልን። ማን አገባ? እንዴት አገባ? አናውቅም። እናም ስለ ዋልያዎቹ ያለን አስተያየት ግማሹ ያየነው፣ ግማሹ የገመትነው ነው። ለነገሩ ምስሉ የማይጠፋባቸው የአዲስ አበባ ሰዎችም ከእኛ የተሻለ ሲያውቁ አላየሁም።

ሰፈራችን አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ነው የሚላቸው። እሳቸው ዘንድ «ዋልያ ተሻሻለ» የሚል ወጣት ከመጣ ከምርኩዛቸው አያመልጥም። «ከምን ተነስቶ ነው የተሻሻለው? እኛ ከላይ ጀምረን የወረድን ነን!» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ሌሎቹ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስትወጣ እኛ አንድም ጨዋታ ሳናሸንፍ ለፍጻሜ ደረስን፤ ግብፅ 4 ለ 0 ሸኘችን። (አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ሁለተኛ የወጣ ቡድን! ይሄን ለኦቦ አልነግራቸውም።) በ1954 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን አነሳን። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ ካፍን ለረጅም ዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት። ኦቦ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ በሬዲዮ ነው የሰሙት።

እኔ ደግሞ የኦቦን ንዴት ከከተማችን ጋር አገናኘዋለሁ። ጎሬ ራሷ ከላይ ጀምራ የወረደች ናት። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ጊዜያዊው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ ራስ እምሩ እዚህ ነበሩ። የኢሉባቦር ዋና ከተማም ነበረች። በኋላ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ሄደ። የጎሬ ሰው ስለ ድሮ ሲያወራ ድምፁ ከፍ የሚለው፣ ስለ ዛሬ ሲጠየቅ ወሬ የሚቀይረው ለዚህ ይመስለኛል። የዋልያ ደጋፊ ሁሉ በዚህ በኩል የጎሬ ልጅ ነው።

በሉ ወደ ነገሩ እንግባ። ቀኖቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

የእኔ ትውልድ ዋልያን ያወቀው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ አፍሪካ ዋንጫ የገባችው በ1974 ነበር፣ ሊቢያ ላይ። 31 ዓመት! ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን በመልሱ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች አለፍን። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያን ማታ ጎሬ ላይ ያልወጣ ሰው አልነበረም፤ ጭቃውም አላገደንም። ኳስ ጠልታ የምትታወቅ ጎረቤታችን ሳትቀር ነጠላዋን እያውለበለበች ስትሮጥ አይቻታለሁ።

ከዚያስ? ደቡብ አፍሪካ ሄድን። የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ ዛምቢያ ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ናት። ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፣ ሳትነው። በረኛችን በቀይ ወጣ። አንድ ጎል ገባብን። በቃ አለቀልን ስንል በአስር ሰው ተጫውተን አቻ ወጣን፤ 1 ለ 1! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ጨዋታ የበለጠ ዋልያን ያኮራኝ የለም። በአራተኛው ቀን ከቡርኪናፋሶ ጋር ተገናኘን። አሁን የእነሱ በረኛ በቀይ ወጣ። እነሱ አስር፣ እኛ አሥራ አንድ። ስንት ተሸነፍን? 4 ለ 0። ከአራቱ ሦስቱ የገቡብን እነሱ አስር ከሆኑ በኋላ ነው። ምን ይሉታል ይሄን? አስር ሆነን ከሻምፒዮን ጋር እኩል ነን፣ አሥራ አንድ ሆነን ከአስር ሰው በታች ነን። ከዚያ ናይጄሪያ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 አሰናበተችን።

ይሄ እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ የታየ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ በዛምቢያው ቀን ብትጠይቀኝ «ተሻሽሏል» እልሃለሁ። በቡርኪናው ቀን ብትጠይቀኝ አልመልስልህም። ቡድኑ ግን በሁለቱም ቀን ያው ቡድን ነው።

በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1፣ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን። አገር ጨፈረ። ጭፈራው ሳያልቅ ከፊፋ ደብዳቤ መጣ፤ ቦትስዋና ላይ ያሰለፋችሁት አንድ ተጫዋች ሁለት ቢጫ አይቶ መቀመጥ የነበረበት ነው፣ ጨዋታው 3 ለ 0 ተሸናፊ ሆናችሁ ተመዝግቧል፣ ሦስት ነጥባችሁም ተቀንሷል። ሜዳ ላይ ያገኙትን ወረቀት ላይ ማጣት! እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የዕቁብ ደብተር የምትይዘዋን እናቴን አውቃለሁ፤ የማን ተራ እንደሆነ ተሳስታ አታውቅም። ሁለት ቢጫ ካርድ መቁጠር ምን ያህል ይከብዳል? ያም ሆኖ ቡድኑ አልሞተም። ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ ለብራዚል የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ሆኑ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያን 1 ለ 0 መርተን 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ሁለተኛው ጎል በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት የገባ ነው። ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተደገመ። አለቀ።

ከሁለት ወር በኋላ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ዋንጫ፣ በቻን፣ ያ ለዓለም ዋንጫ በር የደረሰ ቡድን ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፣ አንድ ጎል እንኳ ሳያገባ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊ መጣ፤ እሱም ብዙም ሳይቆይ ሄደ። የሚቀጥሉትን ዓመታት ዘለል ላድርጋቸው፤ ለማስታወስ የሚያጓጓ ነገር አልነበረባቸውም።

አሁን ወደምወደው ሒሳብ መጣሁ። ለ2014ቱ የካሜሩን አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ስድስት ጨዋታ ተጫወትን። ሜዳችን ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0። ከሜዳችን ውጪ በማዳጋስካር 1 ለ 0፣ በኒጀር 1 ለ 0፣ በኮትዲቯር 3 ለ 1 ተሸነፍን። ተመልከቱት! ሦስት ሲጫወት ሦስት ያሸነፈ፣ ሦስት ሲጫወት ሦስት የተሸነፈ። የመጨረሻው የአቢጃን ጨዋታማ ዳኛው ታመው ወድቀው ሳያልቅ ተቋረጠ፤ እኛ ያለፍነው ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 ስለወጡ ነው። ስንሸነፍ ያለፍንበት ማታ ነበር። መጋቢት 21 ቀን 2013። ጎሬ ላይ ጨፈርን ወይስ አልጨፈርንም? ግማሽ ግማሽ።

ካሜሩን ላይ በጥር 2014 ኬፕቨርዴ 1 ለ 0 አሸነፈን፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ተከላካያችን በቀይ ወጥቶ ነበር። ባለሜዳዋ ካሜሩን ላይ በአራተኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ አገባና አበድን፤ መጨረሻው 4 ለ 1። ከቡርኪናፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። «ያኔ 4 ለ 0፣ አሁን 1 ለ 1፤ ይሄ መሻሻል አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ቆዩ፣ ደምሩት። በ2005 ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል አገባን፣ ሰባት ገባብን። በ2014 ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ጎል አገባን፣ ስድስት ገባብን። በዘጠኝ ዓመት አንድ ጎል ጨመርን፣ አንድ ጎል ቀነስን። በዚህ አካሄድ ዋንጫ የምናነሳበትን ዓመት ለሒሳብ አስተማሪዎች ትቼዋለሁ።

ያ ሜዳ ደግሞ፣ ሦስት ለሦስት ያሸነፍንበት ሜዳ፣ ሄደ። ካፍ ስታዲየሞቻችን ደረጃውን አያሟሉም አለ። በኅዳር 2014 ከጋና ጋር ያደረግነው «የሜዳችን» ጨዋታ ጆሃንስበርግ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት «እንግዳ ተቀባይ» ተብለን በሰው አገር እንግዳ ሆንን። አስቡት፤ ጥንካሬው ሁሉ ቤቱ ላይ የሆነ ሰው ቤቱን ሲያጣ ምን ይሆናል?

ይሄን እያልኩ ቢሆንም ሰኔ 2 ቀን 2014ን መካድ አልችልም። ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ፣ ግብፅን 2 ለ 0። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበሩ። ሳላህ በጉዳት አልተጫወተም፤ እሺ፣ አልተጫወተም። ግን ግብፅ ናት! ኳሱን ከበረኛ ጀምረው እየተቀባበሉ፣ ሳይፈሩ የተጫወቱት ጨዋታ ነበር። ያን ቀን ዝናብ ሳይመጣ ሙሉውን አየሁት። ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። የሚገርመው ግን ከአራት ቀን በፊት፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ማላዊ 2 ለ 1 አሸንፎናል። ግብፅን የሚያሸንፍ ቡድን ለማላዊ እንዴት ይሸነፋል? ወይስ ለማላዊ የሚሸነፍ ቡድን ግብፅን እንዴት ያሸንፋል? የትኛው ነው እውነተኛው ዋልያ?

እዚህ ላይ ነው የመቱዋ ልጅ የምትመጣው። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስሟን ግን አትጠይቁኝ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ ትምህርት እንደጨረሰች መቱ ሥራ ይዛ ቀረች። እጮኛዋ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በደሌ ዘመድ ዘንድ እየሄደ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ይሠራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ትሁት፣ ሳቂታ፣ እናቷን «እማዬ» ብሎ የሚጠራ። ችግሩ አንድ ነው፤ ቤቲንግ። የዋልያ ፍቅር ነው እዚያ ያስገባው። በግብፁ ጨዋታ ቀን ሰው ሁሉ ሲስቅበት 200 ብር አስይዞ ዋልያ ያሸንፋል ብሎ ቆረጠ። ከ1,600 ብር በላይ በላ። ለእሷ ጫማ ገዛላት። ያ ጫማ፣ ትለኛለች ራሷ፣ እስካሁን የገዛችው በጣም ውድ ጫማ ነው፤ ያልከፈለችበት መስሏት ነበር።

መጋቢት 2015 መጣ። ለቀጣዩ አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያ ከጊኒ ጋር በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጨዋታ ነበረው፤ ሁለቱም ሞሮኮ ላይ። ለሰርጉ የደረሳቸው ዕቁብ በልጁ እጅ ነበር፤ 14,000 ብር። «ግብፅን ያሸነፈ ቡድን ጊኒን ያቅተዋል?» አለ። ግማሹን በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አስያዘ፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። የሄደውን ለመመለስ የቀረውን በሁለተኛው ላይ አስያዘ፤ 3 ለ 2 ተሸነፍን። ለእሷ የነገራት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ አልቅሶ፣ እግሯ ሥር ወድቆ። ሰርጉ ተራዘመ። ለእናቷ «የአዳራሽ ቀጠሮ አጣን» ተባለ። እናትየዋ ታውቅ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እናቶች ግን እንዲህ ያለ ነገር አይሰወራቸውም።

ከዚያ ልጁ ቆመ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ አንድ ቲኬት አልነካም። ሽማግሌ ፊት ምሎ ነበር። እሷም ሰርጉን እንደገና ማሰብ ጀመረች። በኅዳር 2017 ዋልያ ኪንሻሳ ላይ ሁለት ጨዋታ ነበረው። ኅዳር 7 ቀን «በሜዳችን» ተብሎ ታንዛኒያ 2 ለ 0 አሸነፈን። ልጁ በደሌ ነበር። «አሁን ገባኝ፤ ይሄ ቡድን አያድግም» አለና ኅዳር 10 ቀን ኮንጎ ታሸንፋለች ብሎ 3,000 ብር አስያዘ። ኮንጎ በሜዳዋ፣ በሰዋ ፊት፣ እኛ ከምድቡ ተሰናብተን። ምን ሆነ መሰላችሁ? ዋልያ 2 ለ 1 አሸነፈ! (ኮንጎዎች ቀድመው ስላለፉ ብዙም አልተጨነቁም ነበር፤ ቢሆንም።) ልጁ ስልክ ደውሎ ያላት ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፣ ያሳዝነኛልም፤ «ሳምናቸው ከዱኝ፣ ስከዳቸው አሸነፉ!»

እንግዲህ የጓደኛዬ ጥያቄ ይሄ ነበር። «ይሄ ልጅ እየተሻሻለ ነው አይደለም? አንድ ቀን የልቤን ያደርሰዋል፣ አንድ ቀን ያጠፋኛል። አንቺ መቼም ለሰው ሁሉ መልስ አታጪም፤ ለእኔም በይኝ።»

ቀልድ መስሎኝ «የዋልያ ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ» አልኳት። ከዚያ ግን ማታ ሳስበው ቀልድ ሆኖ አልታየኝም። ሁላችንም አንድን ቡድንም ሆነ አንድን ሰው የምንመዝነው በምርጥ ቀኑ ወይም በመጨረሻ ቀኑ ነው። ግብፅን ያሸነፈ ለት «ተሻሽሏል»፣ ለጊኒ የተሸነፈ ለት «ያው ነው»። ምርጥ ቀን ግን ለማንም ይመጣል። ለዋልያ በየጥቂት ዓመቱ ይመጣለታል። በ2005ም መጣ፣ በ2014ም መጣ። እኔ ማየት የምፈልገው ክፉ ቀኑን ነው። ክፉ ቀኑ እየቀለለ ነው ወይስ ያው ነው? ሁለተኛ ደግሞ፣ ክፉ ቀኑ የት ነው የሚመጣው?

በዚህ ነገር ላይ የቅርጫት ኳስ ተከታታይ የሆነ የአክስቴ ልጅ ያጫወተኝን ላንሳ። (ጎሬ ትምህርት ቤታችን መረብ የሌለው ቀለበት ነበር፤ የእኔ የቅርጫት ኳስ እውቀት እዚያ ያልቃል፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ደግሜ አረጋግጫለሁ።) አሜሪካ ፊላደልፊያ የሚባል ቡድን እንደ ፈረንጆቹ በ2013/14 ዓመት ከ82 ጨዋታ 19 አሸነፈ። በሚቀጥለው 18። በሚቀጥለው 10 ብቻ፤ 72 ተሸነፈ! ከዚያ የባሰ ነገር አለ? ግን ቡድኑ ሆነ ብሎ ነበር ወጣት የሚሰበስበው፤ እዚያ ሊግ ውስጥ ብዙ የተሸነፈ ምርጥ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋለታል። ከመረጣቸው አንዱ ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ ነው፤ እሱም በእግሩ ጉዳት ምክንያት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንድ ጨዋታ አልተጫወተም። በአራተኛው ዓመት 28 አሸነፉ፣ በአምስተኛው 52። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው በ10ኛው ድል ላይ ትቷቸው ይሄዳል። ውስጡን ያየ ሰው ይቆያል። ደግሞ አትሞኙ፤ ያ ቡድን 52 ካሸነፈ በኋላ ዋንጫ አነሳ ማለቴ አይደለም። በየዓመቱ ከሁለተኛው ዙር ማለፍ አቅቶት ቆየ። መሻሻልም ጣሪያ አለው።

ታዲያ ዋልያ ውስጡ ምን አለ? የእኔን አስተያየት ልንገራችሁ፤ የማይስማማ ይጻፍልኝ። ተጫዋቾቹ ኳስ ይችላሉ። ይሄ ከድሮም ነበር። ያልተሻሻለው ሌላው ነው፤ ሁለት ቢጫ የሚቆጥር ጸሐፊ፣ ካፍ የሚቀበለው ሜዳ፣ ሽንፈት በመጣ ቁጥር የማይባረር አሰልጣኝ። ክፉ ቀኑ የሚመጣው ከሜዳ ውጪ ነው፤ አንድም በሰው አገር፣ አንድም በቢሮ። ሜዳው ላይ ብቻ ስንመለከት ቆየንና ሌላውን አላየንም። ስለዚህ «እየተሻሻለ ነው» ለሚለኝ መልሴ አይደለም ነው፤ «ተስፋ የለውም» ለሚለኝም መልሴ አይደለም ነው። ኦቦ ይሄን መልስ ሲሰሙ «ይሄ መልስ አይደለም፣ መሸሽ ነው» አሉኝ። ይበሉ፤ እሳቸው ዋንጫ አይተዋል።

ለመቱዋ ልጅ ግን መሸሽ አልቻልኩም። እሷ የምትጠብቀው የሚቀጥለውን ማጣሪያ ሳይሆን ሕይወቷን ነው። እናም «ክፉ ቀኖቹን በደብተር ጻፊያቸው፤ ቀኑን፣ ብሩን፣ የነበረበትን ቦታ» አልኳት። እሷም ለካ ጽፋቸው ነበር! የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ እንዴት ዘነጋሁት። ደብተሩን ይዛ መጣች። 14,000። ከዚያ 3,000። ከዚያ በእንግሊዝ ሊግ ላይ 400። ከዚያ 150። በመካከላቸው ያለው ጊዜም አጭር አይደለም። «ይኸው፣ ክፉ ቀኑ እየቀለለ ነው!» አልኩ፤ ደስ አለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ዕቁቡን አሁን እኔ ነኝ የምይዘው። የሚያስይዘው ስለሌለው ቢሆንስ?» አለችኝ።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ያገባብን ጎል ሲቀንስ ተከላካዩ ጠንክሮ ነው ወይስ ተጋጣሚው ደካማ ሆኖ? ቁጥሩ አይናገርም።

«እሺ፣ የት ነው የወደቀው?» አልኳት። ጣቷን በደብተሩ ላይ እያወረደች አነበበች። በደሌ። በደሌ። መቱ። በደሌ። ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ የዋልያን ስድስት ጨዋታ አሰብኩ፤ ሦስት ቤት፣ ሦስት ውጪ።

የሰጠኋት ምክር ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ቤቱ ላይ ያለውን ጥሩ ጠባይ አትጠራጠሪው፤ እውነት ነው፣ ግን ቤት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የበደሌው ነገር ከእሱ ጋር በግልጽ ይነገር፤ እዚያ ከማን ጋር ነው የሚውለው? ሥራ ሲፈታ የት ነው የሚቀመጠው? ዘመዱ ያውቃል? ከቤቲንግ ቤቱ ፊት ለፊት ባጃጅ ማቆም ካለበት ተራውን ቢቀይርስ? ሦስተኛ፣ ለእናቷ እውነቱን ትንገር። የአዳራሹ ወሬ ለሁለተኛ ጊዜ አይሠራም። አራተኛ፣ መሐላ አትቀበይ አልኳት። ሽማግሌ ፊት ምሎ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ፤ የቆየው ግን ዋልያ እስኪጫወት ድረስ ነው። ከመሐላ ይልቅ ደሞዙ ሲገባ ሁለቱም ባሉበት ይቆጠር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አደረገች። እናቷ እንደጠረጠርኩት ታውቅ ነበር፤ «እኔ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት» አለቻት አሉ። ልጁም ተናደደ፣ ሦስት ቀን አኮረፈ፣ በአራተኛው ቀን ባጃጁን ሌላ ተራ ላይ አቆመ። አራተኛውን ምክሬን ግን አልተቀበለችም። «ባል ነው የማገባው፤ ሒሳብ ሹም የሚመረምረው ሠራተኛ አይደለም» አለችኝ። አልተከራከርኳትም።

ባለፈው ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞ እንደገና በደሌ ሄዶ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ተመልሷል። ያመጣውን ብር ቆጥሮ ሰጥቷታል፤ ከገመተችው በጥቂት ያንሳል። ነዳጅ ተወዷል ብሏታል፤ ነዳጅ ደግሞ እውነትም ተወዷል። ደብተሯ ላይ የእነዚያን ሁለት ሳምንታት ቀን ጽፋ፣ ቦታውን «በደሌ» ብላ፣ የብሩን መስመር ባዶ ትታዋለች።